ነገርን ከሥሩ፦ «ኒውስ» የአራቱ ማዕዘናት ምህጻረ ቃል አይደለም

የእህቴ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቷን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «ኒውስ የሚለው ቃል ከምን መጣ?» ለሚለው ጥያቄ «ኒው ከሚለው ቃል፤ አዲስ ማለት ነው» ብላ መልሳለች። መልሷ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ መምህሯ ትክክለኛ ያሉትን ጽፈውላታል፦ ኖርዝ፣ ኢስት፣ ዌስት፣ ሳውዝ። ልጅቷ አልቀበልም ብላ ስትከራከር ማስረጃ ተብሎ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ተሰጣት። ጽሑፉን እኔም አነበብኩት። አቀራረቡ ያማረ፣ ቋንቋው የተመረጠ ነው። ብዙ ሰው እየተቀባበለ እንዳነበበው ደግሞ በኋላ ሰማሁ።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ቃል እንጀራዬ ነው። ትክክለኛ መልስ ተሰርዞ ስሕተቱ በቀይ ቀለም ሲተካ አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። «ኒውስ» የአራቱ ማዕዘናት የእንግሊዝኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የፈጠሩት ቃል ነው፤ የተወለደውም ከጋዜጣ ጋር ነው። ለዚህም በ1640 የታተመ የእንግሊዝኛ ግጥም ይመሰክራል። «ኒው» ከሚለው ቃል ጋር መመሳሰሉ ድንገተኛ ነው። መጨረሻው ላይ «ኤስ» እያለ እንደ ነጠላ ቁጥር የሚነገረውም ምህጻረ ቃል ስለሆነ ነው። ከዚያም ጸሐፊው ወደ አገራችን ዞረው «ዜና» የሚለው ቃላችን ሬዲዮ ሲመጣ አብሮ የመጣ ትርጉም እንደሆነ ይነግሩናል። በመጨረሻም፣ ነገሩ አጠራጣሪ ቢሆን እንኳ ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል ይላሉ። እኔ ደግሞ አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉትን ይዤ ልመልስ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን እናገራለሁ።

ከዕድሜው ልጀምር። አንድ ቃል ከየት መጣ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው መቼ ታየ፣ ሲታይስ እንዴት ተጽፎ ነበር የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አላነሱትም።

«ኒውስ» በእንግሊዝኛ «አዲስ ነገሮች» በሚል ትርጉም የታየው በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ ሰዎች በላቲኑ ውስጥ «ኖቫ» የሚል ቃል ያገኙ ነበር፤ «አዲሶች» ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸው ፈረንሳዮችም ወሬን «ኑቬል» ይሉት ነበር፤ ይህም «አዲሶች» ነው። እንግሊዞቹ የራሳቸውን «ኒው» ወሰዱ፤ የብዙ ቁጥር ምልክት ጨመሩበት፤ «ኒውስ» ሆነ። በአማርኛ ቃል በቃል ብናስቀምጠው «አዲሶች» እንለዋለን። የቃሉ ልደት ይኸው ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ «ወሬ፣ የምሥራች» በሚለው ትርጉሙ የምናገኘው ደግሞ እጅግ በሚያምር ቦታ ነው። የስኮትላንዱ ቀዳማዊ ጀምስ ገና ልጅ ሳለ በ1406 ወደ ፈረንሳይ ሲጓዝ ባሕር ላይ በእንግሊዞች ተያዘ፤ 18 ዓመትም በእስር ቆየ። ለእርሱ የሚሰጥ አንድ ረጅም የፍቅር ግጥም አለ። በግጥሙ ውስጥ አንዲት ነጭ እርግብ በአፏ ቀይ አበባ ይዛ በእጁ ላይ ታርፋለች። በአበባው ላይ በወርቅ ፊደል የተጻፈው ቃል ደስ የሚል ኒውስ አምጥቼልሃለሁና ንቃ የሚል ነው። ለኖኅ የወይራ ቅጠል ያመጣችውን እርግብ እያሰበ ላደገ የእኛ አገር አንባቢ ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም። ለክርክራችን የሚጠቅመው ግን የቃሉ አጻጻፍ ነው። በዚያ ግጥም ውስጥ ቃሉ የተጻፈው በኤን፣ በኢ፣ በደብልዩ፣ በአይ እና በኤስ ነው። አምስት ፊደል ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት በእንግሊዝ የነበረው የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ ከደብልዩ በኋላ ሌላ ኢ የሚጨምር ነበር፤ እርሱም አምስት ፊደል ነው። ማዕዘናቱ አራት ናቸው። የአራት ፊደሉ አጻጻፍ እየጸና የሄደው የእንግሊዝኛ ፊደል አጣጣል ሲስተካከል የማይነበበው ኢ ስለቀረ ነው። ቃሉ ከአራቱ ማዕዘናት ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በአራት ፊደል ጀምሮ በኋላ ይለወጥ ነበር እንጂ በአምስት ጀምሮ ወደ አራት አይወርድም ነበር።

ከጋዜጣ ጋር ተወለደ የሚለውም በዚሁ ይወድቃል። ማተሚያ ቤት ወደ እንግሊዝ የገባው በ1476 ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ የታተመው የመጀመሪያው የወሬ ወረቀት የወጣው ደግሞ በታኅሣሥ 1620 ነው፤ ያውም በለንደን አይደለም፣ በአምስተርዳም ነው። የዚያ ወረቀት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከኢጣሊያ የሚጠበቀው አዲስ ወሬ ገና አልደረሰም ይላል። ወሬ አለመድረሱን በመናገር የጀመረ የወሬ ወረቀት ነው፤ በሙያዬ ምክንያት ይህ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ለወሬ የተጠቀመበት ቃል ደግሞ «ኒውስ» ሳይሆን «ታይዲንግስ» የሚለው የጥንቱ ቃል ነው፤ ከፊቱ ግን «ኒው» የሚለውን፣ አዲስ ማለትን፣ አስቀድሟል። በሚቀጥለው ዓመት በ1621 በለንደን የወጣው ወረቀት በርእሱ ላይ «ኒውስ» የሚለውን ይዟል፤ በአምስት ፊደል። እንግዲህ ጋዜጣው ሲመጣ ቃሉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው።

«ጋዜጣ» የሚለው የእኛው ቃል ራሱ ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በቬኒስ «ጋዜታ» የምትባል አነስተኛ ሳንቲም ነበረች። ወሬ የተጻፈበት ወረቀት በዚህች ሳንቲም ዋጋ ስለሚገኝ ስሟን ወረሰ የሚለው ዘወትር የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ቬኒሶች ወረቀቱን ሲጠሩት «የኖቪታ ጋዜታ» ይሉት ነበር፤ ኖቪታ «አዲስነት፣ አዲስ ነገር» ነው። እዚያም «አዲስ» አለ።

አሁን ወደ ግጥሙ ልምጣ፤ የጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ እርሱ ነውና። ለጸሐፊው ተገቢውን ልስጥ፦ ግጥሙ በእርግጥ አለ። በ1640 የታተመ ነው፤ አራት መስመር ነው። የቃሉን ፊደል መመርመር የሚሻ ሰው ካለ እንዲህ ይፍታው ብሎ ይጀምርና ወሬ በደብዳቤም በቃልም ተላልፎ ከሰሜን፣ ከምሥራቅ፣ ከምዕራብና ከደቡብ ወደ እኛ ይመጣል ይላል። ስለዚህ የአራቱ ማዕዘናት ትርጓሜ የትናንት ፈጠራ ነው የሚሉ ሰዎችም ተሳስተዋል፤ ወደ አራት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ነገር ግን ግጥሙ የወጣው በምን ዓይነት መጽሐፍ ላይ ነው? ለጨዋታና ለብልሃት የተጻፉ አጫጭር ግጥሞች በተሰበሰቡበት መድበል ላይ ነው። ቃሉ በእንግሊዞች አፍ ሁለት መቶ ስልሳ ዓመት ገደማ ከኖረ በኋላ አንድ ብልህ ሰው በፊደላቱ ተጫወተባቸው።

ይህን ለመረዳት ከእኛ የቀረበ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የቅኔ አገር ሰዎች ነን። ባለ ቅኔ አንዱን ቃል በኅብር ለሁለት ሲከፍለው፣ ሰሙን አልፎ ወርቁን ሲያወጣ፣ የቃሉን የትውልድ ሐረግ እየነገረን እንዳልሆነ እናውቃለን። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጠር «ሀ ብሂል ህልዎቱ ለአብ እምቅድመ ዓለም»፣ «ለ ብሂል ለብሰ ሥጋ እምድንግል» እየተባለ ይነገራል። እጅግ የጠለቀ ትምህርት ነው፤ ሕፃኑ ፊደሉንና ሃይማኖቱን በአንድ ትንፋሽ ይይዛል። ነገር ግን «ለ» የተባለው ፊደል «ለብሰ» ከሚለው ቃል ተወለደ ያለ የኔታ የለም። ፊደሉ ቀድሞ ነበረ፤ ትርጓሜው ኋላ ተሰጠው። የጥንት ክርስቲያኖችም በግሪክኛ ዓሣ የሚለውን ቃል ፊደላት አንድ በአንድ «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መድኃኒት» ብለው ፈትተውታል። ዓሣ ግን ከዚያ በፊትም ዓሣ ይባል ነበር። በመርከበኞች ዘንድ የታወቀው ኤስ ኦ ኤስ የተባለው የድረሱልን ምልክትም እንዲሁ ነው፤ «ነፍሳችንን አድኑ» ማለት ነው የሚለው ከጊዜ በኋላ የተሰጠው ፍቺ ሲሆን ምልክቱ በ1906 በበርሊን ስምምነት የተመረጠው ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ሆኖ ለጆሮ ስለማይስት ነው። የ1640ው ግጥምም ከእነዚህ ወገን ነው፦ ትርጓሜ ነው እንጂ ልደት አይደለም።

በዚያው ላይ የማዕዘናቱ ቅደም ተከተል አለ። ማን ነው ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ብሎ የሚቆጥር? እኛ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ እንላለን፤ በሉቃስ ወንጌልም «ከምሥራቅና ከምዕራብም ከሰሜንና ከደቡብም ይመጣሉ» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዞች ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ይላሉ፤ ወይም ኮምፓስን ተከትለው በቀኝ በኩል ይዞራሉ፤ ያኔ ከምሥራቅ ቀጥሎ የሚመጣው ደቡብ ነው። ቅደም ተከተሉ የተመረጠው የተዘጋጀ ቃል እንዲወጣ ተፈልጎ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ጸሐፊው «ኒውስ» እና «ኒው» የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው ብለዋል። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ሀብት እንደጣሉ ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ሆላንዶችን እንይ። ለዜና የሚጠቀሙበት ቃል «ኒውስ» ነው፤ ከእንግሊዝኛው የሚለየው በፊደል አጻጻፉ እንጂ በድምፁ እምብዛም አይደለም። አዲስ ደግሞ «ኒው» ነው። ሆላንዶች ምሥራቅን «ኦስት»፣ ደቡብን «ዞይድ» ይላሉ። በዜና ቃላቸው ውስጥ ኦም የለም፣ ዜድም የለም። ያው ቃል በጎረቤት አገር ያለ ማዕዘናት እገዛ ተወልዶ ይኖራል። ሩስያውያን ዜናን «ኖቮስቲ» ይላሉ፤ «ኖቪ» አዲስ ነው። ስዊድኖች «ኒሄተር» ይላሉ፤ «ኒ» አዲስ ነው። በስቶክሆልም ወይም በዮተቦሪ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ ይሰሙታል። የላቲኑ «ኖቩስ»፣ የግሪኩ «ኔዎስ»፣ የሳንስክሪቱ «ናቫ»፣ ፋርሶች አዲስ ዓመታቸውን «ኖውሩዝ» ሲሉ የመጀመሪያው ክፍል፣ ሁሉም ከእንግሊዝኛው «ኒው» ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ናፖሊ የተባለችው የኢጣሊያ ከተማ ስሟ በግሪክኛ «አዲስ ከተማ» ማለት ነው፤ ከዚያው ግንድ የወጣ።

ይህ ሁሉ የሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ «አዲስ» ከእንግሊዝኛው «ኒው» ጋር ዝምድና የለውም፤ ይህን በግልጽ ልናገር። ነገር ግን በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል። «አዲስ» በግእዝ «ሐዲስ» ነው፤ ሐመሩ ሐ በአማርኛ እየላላ ሄዶ አ ሆነ። ዕብራውያን ይህንኑ ቃል «ሐዳሽ» ይሉታል፤ ዐረቦች «ሐዲሥ» ይላሉ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ምላስን በጥርስ መካከል አድርገው። የድምፅ ልዩነቱ ደንብ ያለው ነው፦ በግእዝ ሰ የሆነው በዕብራይስጥ ሸ፣ በዐረብኛ ያ የጥርስ ድምፅ ይሆናል። ሦስት ቁጥርን ብንወስድ በግእዝ «ሠለስቱ»፣ በዕብራይስጥ «ሻሎሽ» ነው፤ ዐረቦችም በዚያው በጥርስ ድምፃቸው ይጀምሩታል። ስምንትም እንዲሁ ነው። የቃል ዝምድና የሚረጋገጠው እንዲህ ነው፤ አንድ ድምፅ በአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን በብዙ ቃላት ላይ ያንኑ ደንብ ሲጠብቅ።

አሁን ትርጉሙን ተመልከቱ። በዐረብኛ «ሐዲሥ» «አዲስ» ማለት ነው፤ ደግሞም «ንግግር፣ ወሬ፣ የተነገረ ነገር» ማለት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን የነቢዩ ሙሐመድን ንግግርና ሥራ የሚያወሳውን ዘገባ «ሐዲስ» የሚሉት ከዚህ ነው። ክርስቲያኑ «ሐዲስ ኪዳን» ሲል፣ ሙስሊሙ «ሐዲስ» ሲል የሚጠሩት ሥር አንድ ነው፤ አንዱ አዲስነቱን፣ ሌላው ዘገባነቱን ይዞ። በዕብራይስጥ ደግሞ ዛሬ ዜና «ሐዳሾት» ይባላል። ቃል በቃል «አዲሶች» ነው፤ ያውም በብዙ ቁጥር፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ማታ ቴሌቪዥን ሲከፍቱ የሚሰሙት ይህ ቃል በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 42 ላይም አለ፤ የቀድሞው ተፈጸመ፣ አዲስ ነገርንም እናገራለሁ በሚለው ቦታ። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አዲስ ነገር» ይለዋል። በሐዋርያት ሥራ የአቴና ሰዎች ሥራቸው አዲስ ነገር ማውራትና መስማት ብቻ እንደነበር የተጻፈውንም አንባቢ ያስታውሳል።

እኛስ ከሰው ጋር ስንገናኝ ምን እንላለን? «ምን አዲስ ነገር አለ?» እንላለን። ወሬ መኖሩን ለመጠየቅ «አዲስ» የሚለውን ቃል እንጠራለን። የእህቴ ልጅ ይህን ጥያቄ ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትሰማ ያደገች ናት። «ኒው፣ አዲስ ማለት ነው» ብላ ስትጽፍ የአምስተርዳም፣ የሞስኮ፣ የኢየሩሳሌምና የገዛ መንደሯ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው የጻፈችው። ያ ነው በቀይ የተሰረዘው።

ስለ ምህጻረ ቃል ጥቂት ልጨምር። ከፊደላት ጥምረት አዲስ ቃል መሥራት በእንግሊዝኛ የሃያኛው መቶ ዓመት ልማድ ነው ማለት ይቻላል። ራዳር የ1940 ልጅ ነው፤ ሌዘር ከ1950ዎቹ ነው። ልማዱ የሚጠራበት «አክሮኒም» የሚለው ቃል ራሱ በእንግሊዝኛ የታየው በ1940ዎቹ ነው። በዕብራይስጥ ልማዱ ጥንታዊ ነው፤ ታላላቆቹ ሊቃውንት ራሺና ራምባም የተጠሩት በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ግን ተራው ሰው ወሬ የሚጠራበትን ቃል ከማዕዘናት ፊደል ይሠራል ማለት የዛሬውን ልማድ ወደ ኋላ መላክ ነው። ጎልፍንም «ለወንዶች ብቻ፣ ሴቶች አይገቡም» ከሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ፊደላት አውጥተው የሚፈቱት አሉ። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 ሕዝቡ የቀስት ልምምድ እየተወ ጎልፍ ይጫወታል ብሎ ጨዋታውን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። በዙፋኑ ላይ የነበረው ሁለተኛው ጀምስ ነው፤ እርግቢቱ ኒውስ ያመጣችለት የዚያ ባለ ግጥም ልጅ።

በጽሑፉ ውስጥ በአንድ መስመር የተጠቀሰው ሌላ ፍቺ፣ ፊደላቱ ለታላላቅ ክንውኖች፣ ለአየር ጠባይና ለስፖርት ይቆማሉ የሚለው፣ ብዙ መልስ አይፈልግም። የአየር ጠባይ ትንበያ በጋዜጣ ላይ መውጣት የጀመረው በ1861 ነው።

«ኤስ» እያለው ለምን እንደ ነጠላ ይነገራል ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፦ ድሮ እንደ ነጠላ ብቻ አይነገርም ነበር። በሼክስፒር ተውኔቶች ውስጥ «ይህ ኒውስ» የሚልም «እነዚህ ኒውስ» የሚልም አለ። በአንደኛው ተውኔት ደግሞ አንድ የትግል ግጥሚያ ተወዳዳሪ ከቤተ መንግሥት ምን አዲስ ኒውስ አለ ተብሎ ሲጠየቅ ከአሮጌው ኒውስ በቀር ሌላ የለም ብሎ ይመልሳል። በ1600 ገደማ የነበረ የለንደን ተመልካች «ኒው» በ«ኒውስ» ውስጥ እንዳለ ባይሰማው ኖሮ ይህ አነጋገር አይጥመውም ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ እንኳ በ1861 ለቤልጂግ ንጉሥ ስትጽፍ ከኦስትሪያ የመጣውን ኒውስ በብዙ ቁጥር ግስ ነው የጻፈችው። ብዙ ቁጥር የነበረው ቃል በጊዜ ብዛት እንደ አንድ ነገር ተቆጠረ፤ ኤሱ የዚያ የብዙ ቁጥር ምልክት ነው፣ ደቡብ አይደለም።

«ዜና»ን በተመለከተ ግን በእውነት አዝኛለሁ። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ስለ እንግሊዝኛ ቃል ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ «ዜና» ከሬዲዮ ጋር የመጣ ነው ማለት ግን የገዛ ቤትን አለማወቅ ነው። «ዜነወ» የግእዝ ግስ ነው፤ ነገረ፣ አወራ፣ አበሠረ ማለት ነው። «ዜናዊ» የሚነግር፣ ወሬ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ለልጅ ስም ሆኖም ሲወጣ ኖሯል። የነገሥታቱን ታሪክ የያዘው «ዜና መዋዕል» ነው። የአይሁድን ታሪክ የሚተርከው የግእዝ መጽሐፍ «ዜና አይሁድ»፣ የታላቁን እስክንድር የሚተርከው «ዜና እስክንድር» ነው። እነዚህ ሲጻፉና ሲገለበጡ ሬዲዮ ሊታሰብ ቀርቶ ኤሌክትሪክ አልነበረም። በአገራችን ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። ልዩነት ካለ በትርጉሙ ስፋት ላይ ነው፤ የግእዙ «ዜና» የትናንቱንም የጥንቱንም ነገር ይይዛል፣ ታሪክንም ዝናንም ያቅፋል። የዛሬው አማርኛ አጥብቦ ለዕለቱ ወሬ ሰጠው። እንግሊዝኛው ከአዲስነት ተነሣ፤ የእኛ ከመንገር ተነሣ። ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው፤ ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል።

ከሬዲዮ በፊትስ ወሬ እንዴት ይሰማ ነበር? ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ አዋጅ ይነገር ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ለዚህ ነው፤ የግእዙ ከበሮና የቬኒሷ ሳንቲም በአንድ ስም ተጣምረው። ከነጻነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. የተጀመረው ጋዜጣም «አዲስ ዘመን» ተባለ። ወሬ አዲስ ነገር ነው የሚለውን ማንም ከእንግሊዝኛ አልቀዳልንም። በየቤቱም «የምሥራች!» ተብሎ ሲገባ «ምሥር ብላ!» የሚል መልስ አለ። ይህን ሁሉ የወሬ ባህል ይዘን ዜናን ሬዲዮ አመጣው እንዴት እንላለን?

የመጨረሻው የጸሐፊው ነጥብ ሐሰትም ቢሆን ያስተምራል የሚለው ነው። ዜና ከአራቱም ማዕዘን ሊመጣ ይገባል፣ የአንድ ወገን ብቻ መሆን የለበትም የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራሁት በዚያው እምነት ነው። መምህር በሰሌዳ ላይ አራቱን ፊደላት ጽፎ «እንዲህ አድርጋችሁ አስታውሱት» ቢል አልቃወምም፤ የኔታም «ሀ ብሂል» ይላሉ። የምቃወመው «ከዚህ መጣ» ሲባል ነው፤ ይልቁንም ስለ ዜና በሚያስተምር ክፍል ውስጥ ሲባል። የዜና ሰው መጀመሪያ የሚማረው ያልተረጋገጠን ነገር እንደ ተረጋገጠ አለመናገር ነው። የሙያውን ስም በራሱ ባልተረጋገጠ ወሬ እያስተማርን የትኛውን ተማሪ ምንጭህን መርምር ልንለው ነው?

ይህን ጽሑፍ አትሜ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ለመምህሯም ታደርስላቸዋለች። መምህሯ ቀና ሰው እንደሆኑ ነግራኛለች፤ ያነቡታል ብዬ አምናለሁ። ከመውሰዷ በፊት ግን ቁጭ ብላ አንብባው ነበር። ከሁሉ ያስገረማት ሐዲስ ኪዳንና ሐዲስ የአንድ ሥር ቃላት መሆናቸው ነው። ስልኳን አነሣችና ሙስሊም ለሆነች የክፍል ጓደኛዋ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «አዲስ ነገር ልንገርሽ» ስትል ሰማኋት።